ራስን ማወቅና የነፍስ መቆየት፦ ከኢብኑ ሲና እስከ አል-ገዛሊ

«ሰው ሲሞት ‹እኔ› የሚለው ማንነቱ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው የደረሳዎቻችን ጥያቄ የቆየ ነው። ኢብኑ ሲና (980–1037) «አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራቸው አንድ ምሳሌ አቅርበዋል፦ አንድ ሰው ሙሉ ሆኖ በቅጽበት ቢፈጠር፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ እጅ እግሩ ሳይነካኩ በባዶ ስፍራ ቢንሳፈፍ፣ አካሉን ባያውቅም መኖሩን ማወቁ አይቀርም። ስለዚህ ነፍስ ከአካል የተለየች ናት ይላሉ።

ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111) በ«ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ነፍስ ራሷን የቻለች መሆኗን አልካዱም፤ የተቃወሙት ይህ ያለ ሸሪዓ፣ በአእምሮ ማስረጃ ብቻ ይረጋገጣል መባሉን ነው። የአካልን ትንሣኤ መካድን ግን ኩፍር ብለውታል።

ይህ ልዩነት ለትምህርታችን ወሳኝ ነው። ራስን ማወቅ ነፍስ ከአካል መለየቷን ቢጠቁም እንኳ፣ ከሞት በኋላ መቆየቷን በራሱ አያረጋግጥም። ኢማኑን በምሳሌው ላይ ብቻ ያቆመ ደረሳ፣ ምሳሌው ሲተች አብሮ ይናወጣል። ኢብኑ ሲናም ያቀረቡት ለማንቃትና ለማስታወስ ነው፤ የበርዘኽና የቂያማ እውቀት ምንጩ ወሕይ ነው። ሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 85 ስለ ሩሕ ለተነሣው ጥያቄ የሰው እውቀት ጥቂት መሆኑን ያስታውሰናል፤ ይህንን ለደረሳ በግልጽ መንገር ከኡስታዝ ክብር አይቀንስም። ወላሁ አዕለም።