ከትምህርት ክፍያ የሚተርፍ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አያያዝ

በአሜሪካ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ በቅድሚያ የተቋሙን ክፍያ ይሸፍናል፤ ቀሪው ለተማሪው ይሰጣል። በደንቡ መሠረት ተቋሙ ቀሪውን ትምህርት በተጀመረ በ14 ቀን፣ ወይም ቀሪው ከዚያ በኋላ የተገኘ እንደሆነ፣ በተገኘ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ያለ ተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ ሊያቆየው አይችልም። ገንዘቡ ለመጻሕፍት፣ ለምግብና ለመጠለያ ጭምር የታሰበ በመሆኑ፣ ክፍያው ቢዘገይ ችግረኛው ተማሪ ትምህርቱን እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል።

ይሁን እንጂ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፔል የተባለው ዕርዳታ በመሠረቱ አይመለስም፤ ብድር ግን ከነወለዱ ይከፈላል። ተማሪው የማያስፈልገውን የፌዴራል ብድር በተከፈለ በ120 ቀን ውስጥ ቢመልስ፣ በመለሰው መጠን ላይ ወለድ አይታሰብበትም። ከዚህም ሌላ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው የግብር ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ ከማይመለሰው ዕርዳታ ለምግብና ለመጠለያ የዋለው ክፍል እንደ ገቢ ይቆጠራል።

በመሆኑም የተቋሙ ኃላፊነት ቀሪውን በወቅቱ በማስረከብ ብቻ አይፈጸምም፤ ምን ያህሉ ዕርዳታ፣ ምን ያህሉ ዕዳ እንደሆነ ለይቶ ለተማሪው በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል። ይህን ሳይለይ የተቀበለ ተማሪ፣ ዛሬ እንደ ትርፍ ያወጣውን ነገ ከደመወዙ ይከፍለዋልና።