ምዕራብ ጎጃም፦ የበቆሎና የቀይ አፈር አገር

ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት የከበበ ወንዝ ነው። ሰከላ ወረዳ ውስጥ ካለው ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ታላቁ ወንዝ ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ከቡሬና ከወንበርማ ቆላ ግርጌ ያልፋል። ብርና ፈጣምም የደጋውን ውኃ ይዘው ወደዚያው ይወርዳሉ።

ሰከላና ደጋ ዳሞት ገብስና ድንች ያበቅላሉ። ወይና ደጋው፣ ማለትም ጃቢ ጠህናን፣ ደንበጫና ቡሬ፣ የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበርበሬ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ የፍኖተ ሰላም የቀድሞ ስም ወጀት ነበር።

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ከባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና እዚህ ተገንጥሎ ዓባይን ይሻገራል። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት እንዲያመርት የታቀደው ፊቤላ ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት በዚችው ከተማ ነው። ፋብሪካው የአካባቢውን ኑግና አኩሪ አተር በብዛት ሲገዛ ያኔ ገበሬው እውነተኛ ተጠቃሚ ይሆናል።

የአገሩ ሀብት ግን ከሁሉ በፊት በቆሎ ነው። ገበሬው «ሾኔ» እና «ሊሙ» የሚላቸው ዲቃላ ዝርያዎች ብዙ ይሰጣሉ፤ ከምርቱ ቆጥቦ መልሶ ቢዘራው ግን ምርቱ ስለሚወርድ ምርጥ ዘር በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ማዳበሪያም አብሮ ይመጣል። ሁለቱም ዝናቡ ሳይገባ ካልደረሱ የዓመቱ ልፋት ይጎዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት መንገዱን ደጋግሞ ስለዘጋው ይህ ሥጋት የሰዉ የዕለት ጭንቀት ሆኗል።

ሌላው ችግር ከመሬቱ ሥር ነው። የጎጃም ዝናብ ብዙ ነው፤ በዘመናት ብዛት ካልሲየሙን እያጠበ ስለወሰደው ቀዩ አፈር አሲዳማ ሆኗል። እንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም የማዳበሪያውን ፎስፈረስ አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አዝመራው ይቀጭጫል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የተፈጨ ኖራ ከዘር በፊት በትኖ ከአፈሩ ጋር ማረስ። ጭነቱ ግን ከባድ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን በአህያ ከከተማ ማጓጓዝ ለአንድ ቤተሰብ የማይቻል ነገር ነው።

የኖራ መፍጫ ደጀን ላይ አለ፤ ያውም በዚያው በባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ዳር። ግብርና ቢሮውና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖቹ ኖራውን በበጋ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ ለገበሬው እስከ ቀበሌ ያድርሱለት።