ለአንዱ ንባብ፣ ለሌላው እንቅልፍ

በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ መጽሐፉን ይዞ ሲያመሽ ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይገላበጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ዘዴው አንድ ዓይነት ነው፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ የራስጌ መብራቱ ላይ ጣል ይደረጋል፣ ካልሆነም ወረቀት በፕላስተር ይለጠፋል። ይህ እሳት የሚያስነሳ ልማድ ነውና መቅረት አለበት።

የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ያህሉን የሚያባክነው በሙቀት ነው። የሃሎጅን አምፖል ግለቱ ይብሳል፤ በትክክል እንዲሠራ የመስታወቱ ግድግዳ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት። ወረቀት ደግሞ በ230 ዲግሪ አካባቢ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቅ ሲሸፈንበት ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ አምፖሉ ከወትሮው የበለጠ ይግላል።

ስለዚህ መከለያ ለመሥራት መቀስ ከመነሳቱ በፊት አምፖሉ ይቀየር። 8 ወይም 9 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ የባለ 60 ዋቱን ያህል ያበራል፤ ለራስጌ ንባብ ግን ከዚያ ያነሰም ይበቃል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሰማያዊ የሚበዛበት ነጭ ብርሃን ግን የእንቅልፍን ሆርሞን ሜላቶኒንን ይቀንሳል። ኤልኢዲም ቢሆን አንገቱ አካባቢ ይሞቃል፤ አየር ካጣ ቶሎ ይበላሻል።

መከለያ ብርሃንን ከመጋረድ ሌላ ብርሃንን የመምራትም ሥራ አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆርጅ ካርዋርዲን በ1932 እ.ኤ.አ. በስፕሪንግ የሚተጣጠፈውን አንግልፖይዝ የተባለ የጠረጴዛ መብራት የፈለሰፈው የመኪና ሞላዎችን ሲያጠና ነበር። የመብራቱ ቆብ ብርሃኑን ሰብስቦ ሥራው ላይ ብቻ ስለሚያሳርፍ አነስተኛ አምፖል ይበቃው ነበር። ቤት ውስጥ የሚሠራው መከለያም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ለዚህ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ወይም ቀጭን ላሜራ ይሆናል። መጀመሪያ የሚተኛው ሰው ቦታው ላይ ጋደም ይበልና አምፖሉ በየት በኩል እንደሚታየው ይናገር። መጋረድ ያለበት ያ ወገን ብቻ ነው፤ ዙሪያውን መሸፈን አያስፈልግም። የተቆረጠው ላሜራ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ዙሪያውን በፒንሳ እጥፍ ተደርጎ ይደፈጠጥ። የውስጡ ገጽ ነጭ ቀለም ቢቀባ ብርሃኑ የመጽሐፉ ገጽ ላይ ሳያንጸባርቅ ይሰራጫል፤ ቀለሙ ግን በደንብ ይድረቅ።

ሲገጠም መብራቱ ከሶኬት ተነቅሎ መቀዝቀዝ አለበት። መከለያው የሚታሰረው በቀጭን ሽቦ ከመብራቱ ቆብ ወይም ከእግሩ ጋር ነው፤ ከአምፖሉ ጋር በፍጹም አይታሰርም። የፕላስተር ሙጫ በሙቀት ስለሚለቅ አይታመንም። በላሜራውና በአምፖሉ መካከል ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፣ ላዩና ታቹም ክፍት ይሁን። የኤሌክትሪክ ገመዱ የላሜራውን ጠርዝ እንዳይነካ መጠንቀቅ ደግሞ ግድ ነው፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ የተላጠ ገመድ ብረቱን ከነካ፣ መከለያውን ሊያስተካክል እጁን የሰደደ ሁሉ በኤሌክትሪክ ይያዛል።

ከዚያ ሰው ሳይተኛ ለአንድ ሰዓት አብርቶ መሞከር ነው። መብራቱ ከሶኬት እንደተነቀለ ወዲያው የእጅ ጀርባ ወደ ላሜራው ቀረብ ይደረግ፤ ወላፈኑ ካስጨነቀ ክፍተቱ ይስፋ ወይም አነስተኛ ዋት ያለው አምፖል ይግባ። ቀለሙ ከጠየመ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ያ መከለያ ይውጣ። መብራት በጠፋ ምሽት ይህንኑ ላሜራ ሻማ ላይ ማዞርም አይገባም፤ አልጋ አጠገብ ላለው ንባብ ባለ ባትሪ መብራት ይሻላል።