አግዳሚ ብረት ለቤታችን፤ የቱ ይሻላል?

ኳስ አፍቃሪ ሁሉ አግዳሚን የሚያውቀው ጎል ሲከለክል ነው። «አግዳሚው መለሰበት!» ብለን ስንቴ ጭንቅላታችንን ይዘናል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ፑል አፕ የሚሠራበት፣ ሰው ተንጠልጥሎ ራሱን የሚስብበት አግዳሚ ነው።

ጠዋት በ12 ሰዓት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚሮጠውን ወጣት ላየ እግርና ሳንባ የሚያንሰን አይመስልም። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ ጀግኖች የተለማመዱበት ተራራ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ችግሩ ከወገብ በላይ ያለው ነው። ተከላካይ ትከሻውን ሲያስገባ ኳስ ሸፍኖ ለመቆም ጀርባና ክንድ ያስፈልጋል። ፑል አፕ ለዚህ የሚጠይቀው የራስን ክብደትና አንድ ጠንካራ ብረት ብቻ ነው። «ጠንካራ» የምትለዋ ትሰመርበት!

የሜዳ ጎል አይሞከርም

የጎል አግዳሚ ቁመቱ 2.44 ሜትር ስለሆነ ብዙ ልጆች ይንጠለጠሉበታል። ነገር ግን ውፍረቱ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ እጅ አይጨብጠውም። ይባስ ብሎ መሬት ላይ ያልታሰረ ተንቀሳቃሽ ጎል እየተገለበጠ በተለያዩ አገሮች የሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል። በሰፈራችሁ ሜዳ ልጅ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አውርዱት።

በበር መቃን መሀል የሚወጠረው

እየተጠመዘዘ የሚጠብቀው ብረት ርካሽ ነው፤ ተከራይም ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። ግን የሚይዘው በግፊት ብቻ ነው። የጭቃ ቤት መቃን ወይም ስስ የላሜራ መቃን ሲገፋ ይከፈታል፣ ብረቱም ይንሸራተታል። ያኔ ሰው የሚወድቀው በጀርባው ነው። መቃኑ ጠንካራ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ግድግዳ ላይ የሚታሰረው

ኮተቤም ሆነ አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ልብ በሉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር አጥብቆ አይዝም። ሰው ሲንጠለጠል ደግሞ የላይኛው ብሎን ወደ ውጭ ይነቀላል። ማሰር ካስፈለገ ኮንክሪት በሆነው ኮለን ወይም ቢም ላይ ነው፤ እሱም ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ። ይህ ካልተቻለ ሰፊ እግር ያለውና በራሱ የሚቆመው ይሻላል። ቦታ ይይዛል እንጂ ግድግዳ አያፈርስም።

ግቢ ላለው

ከሁሉም አስተማማኙ ይሄኛው ነው። ሁለት የብረት ቋሚ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ በኮንክሪት ይተከልና በያጅ አግዳሚውን ይበይደዋል። ለአግዳሚው ወፍራም የሆነ ባለ 1 ኢንች የውሃ ቧንቧ ጥሩ ነው፤ የውጭ ስፋቱ ወደ 33.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጅ ሙሉ ይጨበጣል። ርዝመቱ ከ1.2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲረዝም ይጎብጣል። ኮንክሪቱ እስኪጠና ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ሞልቶታልና ቋሚውን በእሱ የሚሠራም አለ፤ ግን መሬት ውስጥ ያለው ክፍል በእርጥበት ስለሚበሰብስ ከክረምት በኋላ መፈተሽ አለበት።

ከመጀመሩ በፊት

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ እግራችሁን መሬት እያስነካችሁ ክብደታችሁን ቀስ በቀስ ልቀቁበት። ድንጋይና የደረጃ ጠርዝ ከሥሩ አይኑር። አንድም መሳብ ያቃተው አይፈር፤ የብስክሌት ካላማዳሪያ አግዳሚው ላይ አስሮ ጉልበቱን ቢያስገባበት ወደ ላይ ያግዘዋል። ወይም በርጩማ ላይ ወጥቶ አገጩን ከብረቱ በላይ ካደረገ በኋላ ቀስ ብሎ ይውረድ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሀል አንድ አንድ ቀን እያረፉ መሥራት ለጀማሪ በቂ ነው።

መልካም ልምምድ!