አምስት ቢራና አራት መለኪያ
የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መውሰድን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። ከተማ ውስጥ እዚህ መጠን ላይ የሚደረሰው ብዙ ጊዜ ዓርብ ማታ ነው፤ 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ አምስት ጠርሙስ ይበቃል። እንዲህ የጠጣው ሰው ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስላልቀመሰ «እኔ ጠጪ አይደለሁም» ይላል።

ገጠር፣ በጠላ ከሆነ እዚያ መጠን ላይ ለመድረስ ብዙ መጋት ይጠይቃል። የሚያሳስበኝ አረቄው ነው። 45 በመቶ ገደማ የሚደርሰው ዳግም አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ አራቴ ሲቀዳ ከአምስቱ ቢራ ይበልጣል፤ ያውም በማለዳ፣ በባዶ ሆድ። (ለብርድ ነው ይሉኛል፤ አልኮል ግን የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።)

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሲቀምስ መንቀጥቀጡ የሚተወው ከሆነ «ዛሬውኑ አቁም» አትበሉት። ድንገት ማቆም እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊገድለውም ይችላል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመድኃኒት እየታገዘ ያቆማል።