የተጎዳ የልብ ጡንቻና የግንድ ሕዋሳት ተስፋ

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ኦክስጅን የተቋረጠበት ጡንቻ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው መሞት ይጀምራል፤ ቦታውም በሳምንታት ውስጥ በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳው የልብን ግድግዳ ከመቀደድ ቢጠብቅም መኮማተር አይችልም። በኢኮ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ፣ ጤነኛው ጡንቻ በእያንዳንዱ ምት እየወፈረ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ የተጎዳው ግድግዳ ሳስቶ ባለበት ይቀራል፤ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይነፋል። ይህን ምስል የሚያስረዳ ሐኪም ከታማሚና ከቤተሰብ የሚቀርብለት ጥያቄ የሞተው ጡንቻ መልሶ ይተካ እንደሆነ ነው።

ጥያቄው ተመራማሪዎችንም ለዓመታት አከራክሯል። ስቴም ሴል የሚባሉት ግንድ ሕዋሳት ራሳቸውን እያባዙ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችሉ ሲሆኑ፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት ዕድሜ ልክ ደምን ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የልብ ተመራማሪው የፒዬሮ አንቬርሳ ቡድን፣ በአይጥ ልብ ውስጥም ሲ-ኪት የተባለ ምልክት የያዙና ጡንቻ መሆን የሚችሉ ነዋሪ ግንድ ሕዋሳት እንዳሉ አስታወቀ፤ ከታማሚው ልብ ሕዋሳቱን ወስዶ፣ አባዝቶ መልሶ የመስጠት ሙከራም በሰው ላይ ተካሄደ።

ይሁን እንጂ በ2014 የሕዋሳቱን ዘር በዘረመል ምልክት የተከታተለ ጥናት፣ ከእነርሱ የሚገኘው የልብ ጡንቻ እጅግ ኢምንት እንደሆነና አብዛኞቹ የደም ሥር ሽፋን እንደሚሆኑ አሳየ። በ2018 ደግሞ የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤትና ብሪገም ሆስፒታል፣ ከአንቬርሳ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የተዛባ ወይም የተፈበረከ መረጃ ስላለባቸው እንዲሻሩ ጠየቁ።

ልብ ግን ፈጽሞ አይታደስም ማለት አይደለም። በኑክሌር ሙከራዎች ወደ አየር የተበተነውን ካርቦን-14 በሕዋሳት ዲኤንኤ ውስጥ የለካ የ2009 ጥናት፣ በ25 ዓመት ዕድሜ ከልብ ጡንቻ ሕዋሳት 1 በመቶ፣ በ75 ዓመት ደግሞ 0.45 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ እንደሚተኩ አስልቷል፤ የእንስሳት ጥናቶች እንደሚያመለክቱትም አዲሶቹ በዋናነት የሚገኙት ነባሮቹ የጡንቻ ሕዋሳት ተከፍለው ነው። አንድ ድንገተኛ የልብ ሕመም በሰዓታት ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት ሊገድል ስለሚችል፣ ይህ አዝጋሚ እድሳት ሊደርስለት አይችልም።

ይህ እውቀት ለዕለት ተዕለቱ ሕክምና ትልቅ ትርጉም አለው። የሞተው ጡንቻ የማይመለስ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚቀድመው ሳይሞት ማትረፍ ነው። በገላን ፋብሪካ የሚሠራ ወይም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ሰው ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ሲዘልቅና ላብ ሲያጠምቀው፣ «ጨጓራ ነው» ብሎ ማደር የለበትም፤ ፈጥኖ ኢሲጂ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ መነሳት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የተዘጋውን ቧንቧ በውስጡ በሚነፋ ፊኛ ወይም የረጋ ደምን በሚያሟሟ መድኃኒት መክፈት በተለይ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ነው። ስለሆነም በግንድ ሕዋስ ልብ እናድሳለን ለሚል ማስታወቂያ ጥሪቱን ሊሸጥ ለተነሳ ቤተሰብ የሐኪሙ ግዴታ ማስረጃው እስከምን እንደሚደርስ በግልጽ መንገር፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትሉም ሆነ የታዘዘው መድኃኒት እንዳይቋረጥ ማሳሰብ ነው።