የጀማሪ ብስክሌተኛ የመጀመሪያ ሽቅድምድም

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ዳገትን የሚያውቀው ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ፣ ከብት ሲያግድ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ ሲመላለስ እግሩና ሳንባው ሳይታወቀው ይበረታሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ብስክሌት መንዳት ለምዶ አንድ ቀን «በመንገድ ሽቅድምድም ልሰለፍ» ቢል፣ ወላጆቹ ከሁለት ሐሳብ አንዱን መያዛቸው የማይቀር ነው። ወይ «ይህ የቅብጠት ነገር ነው፤ ወድቀህ ትሰበራለህ» ብለው ይከለክሉታል፤ ወይም «የደጋን ልጅ ማን ይቀድመዋል!» ብለው መርቀው ይሰዱታል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በሙሉ አልተመለከቱትም እንላለን። የብስክሌት ሽቅድምድም የጉልበት ብቻ ፈተና አይደለም። ከማያውቁት ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተጠጋግቶ መሄድን የሚጠይቅ ጥበብ ነው፤ ይህንንም ጥበብ ዳገት መውጣት ብቻውን አያስተምርም።

ነገሩን ከነፋስ እንጀምር። ብስክሌተኛ በደልዳላ መንገድ ፍጥነቱን ሲጨምር ከሁሉ ይበልጥ የሚታገለው ከፊቱ ካለው አየር ጋር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ከፊት ያለው ሰው አየሩን ሲሰነጥቅለት ግን፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ጉልበቱን ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ሊቆጥብ ይችላል፤ በብዙ ሰው መካከል የገባማ ከዚህም የበለጠ ይተርፈዋል። ዝናብ በነፋስ ሲመጣ ከብቶች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሲቆሙ ያየ የዋግ እረኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ጀማሪው ግን ይህን በጆሮው ሰምቶት እንኳ በመጀመሪያው ቀን አይፈጽመውም። ምክንያቱም ይፈራል። ከፊቱ የሚሽከረከረውን ጎማ በአንድ ክንድ ርቀት ሲያየው ልቡ ይደነግጥና ወደ ኋላ ይላል። አምስት ሜትር፣ ከዚያም አሥር ሜትር ክፍተት ይፈጠራል። ያን ጊዜ ብቻውን ከነፋስ ጋር እየታገለ ክፍተቱን ይዘጋል፤ እንደ ገና ይፈራል፣ እንደ ገናም ይቀራል። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ እግሩ ይዝላል፤ ጓደኞቹም ከኩርባው ባሻገር ይሰወራሉ። ከዚያ በኋላ በሰፊው መንገድ ላይ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽና የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ «ጉልበት የለኝም» ይላል። ጉልበት ግን ነበረው፤ ብቻውን ጨረሰው እንጂ።

ደግሞ የኩርባ ነገር አለ። ብዙ ብስክሌተኞች አንድ ላይ ወደ ኩርባ ሲደርሱ ከፊት ያሉት ጥቂት ብቻ ይቀዘቅዛሉ፤ ከኋላ ያሉት ግን ሊቆሙ ይቃረባሉ። ከኩርባው ሲወጡም የፊተኞቹ በቀስታ ይፈጥናሉ፤ የኋለኞቹ እነርሱን ለመያዝ ባለ በሌለ ኃይላቸው መርገጥ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ትሕትና መስሎት ከሁሉ ኋላ የሚሰለፍ ጀማሪ በእያንዳንዱ ኩርባ ቅጣት ይከፍላል። ከፊት ሲሶው ውስጥ መሆን ድፍረት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

አገራችን ራሷ በዓለም አደባባይ ጀማሪ የነበረችበት ቀን አለ። በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1956) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈል ወደ ሜልቦርን የላከችው 12 ሰዎች ነበር፤ የተወዳደሩትም በሁለት ዓይነት ስፖርት ብቻ፣ በሩጫና በብስክሌት ነው። ዛሬ ሁሉም ስለ ሩጫው ያወራል፤ ብስክሌቱ ተረስቷል። ከብስክሌተኞቹ መካከል ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬና ፀሐዬ ባህታ ይገኙ ነበር። ኤርትራ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስለ ነበረች የአስመራም መንገድ ለዚህ ቡድን ባለውለታ ነው። በአስመራ ጣሊያኖች የብስክሌት ሽቅድምድም ያዘጋጁ የነበረው ለራሳቸው ሰዎች ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ግን አገሬው ከእነርሱ ጋር እንዲወዳደር በተፈቀደለት ሽቅድምድም ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ሰው ቀደማቸው። ቅኝ ገዢው «አይችሉም» ሲል የኖረውን ነገር በአንድ ቀን እንዲህ ማፍረሱ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ይነገራል።

የሜልቦርኑ የመንገድ ሽቅድምድም የተደረገው ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ወራቱም ጾመ ነቢያት ነበረ። መንገዱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ዙር ሲሆን 11 ጊዜ ይዞራል፤ በጠቅላላው 187 ኪሎ ሜትር ከ730 ሜትር ነው። ጅማሬው እንኳ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ ያልተመዘገቡ የአየርላንድ ሰዎች ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ገብተው ስለ ተገኙ እነርሱ እስኪወጡ ድረስ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰለፈ ሰው ያች የመጠበቂያ ሰዓት ምን ያህል እንደምትረዝም መገመት አያስቸግርም። ከዚያም ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጥቶ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ጨረሰ፤ ሁለተኛው የገባው ሁለት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። የእኛ ሰዎች ሜዳልያ አላገኙም። ነገር ግን በሽቅድምድሙ የዓለም አማተር ብስክሌተኞች ምርጦች እንዴት እንደሚሄዱ በዓይናቸው አዩ፤ ገረመው ደንቦባም ከአራት ዓመት በኋላ በሮም እንደ ገና ተሰለፈ። ከሯጮቹ አንዱ ማሞ ወልዴ በዚያው በሜልቦርን ከማጣሪያው ሳያልፍ መቅረቱን፣ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ በሜክሲኮ ማራቶንን ማሸነፉን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የሮሙ ኦሊምፒክ (1952 ዓ.ም.) ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነው። የብስክሌት ሰዎች ግን በሁለት ሌሎች ነገሮች ያስታውሱታል። አንደኛው አሳዛኝ ነው፤ ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የተባለ የዴንማርክ ወጣት በጽኑ ሙቀት በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ሽቅድምድም ላይ ሳለ ተዝለፍልፎ ወድቆ በዚያው ዕለት ሞተ። ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገድ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ቤተሰብ ይህን ነገር በቸልታ አይመለከተውም። ውኃ የሚጠጣው ከመጠማት በፊት ነው፤ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት በሙቀት መካከል ከመጣም መቆም እንጂ መጽናት አይገባም። ልጁ እንዲህ ሆኖ ቢያቋርጥ «ፈሪ» የሚለው ሰው በቤቱ ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው የሚያስቅ ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ቪክቶር ካፒቶኖቭ ያለውን ኃይል ሁሉ አውጥቶ መስመሩን ቀድሞ አለፈ፤ ሽቅድምድሙ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ገና አንድ ዙር ይቀረው ነበር! ደግነቱ ተስፋ አልቆረጠም፤ የቀረውን ዙር ዞሮ በመጨረሻው እንደ ገና ጣሊያናዊውን ሊቪዮ ትራፔን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። የመቁጠር ነገር በእኛም ዘመን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች ሽቅድምድም አና ኪዘንሆፈር የተባለች ኦስትሪያዊት የሒሳብ ሊቅ፣ የባለሙያ ቡድን እንኳ ሳይኖራት፣ ከጅማሬው ተለይታ ወጥታ አሸነፈች፤ ከኋላዋ የነበሩት ታላላቅ ብስክሌተኞች በፊታቸው ሰው መኖሩን አላወቁም፤ ሁለተኛ የገባችውም ያሸነፈች መስሏት እጇን አንሥታ ነበር። ጀማሪው ስንት ዙር እንደሚዞር ጠይቆ፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ በመሪው ላይ ቢለጥፍ አያፍርም።

ወደ ደጋችን እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅን ቢያንስም ብስክሌቱን የሚገፋው ነፋስ ደግሞ ይቀንሳል። ኤዲ መርክስ የተባለው ስመ ጥር ቤልጂጋዊ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የሄደው ይህንኑ አስቦ ወደ ከፍተኛዋ የሜክሲኮ ከተማ በመጓዝ ነው። ስለዚህ የደጋ ልጅ በእርግጥ የተሰጠው ጸጋ አለ፤ ከዋግ በስተሰሜን ካለችው ከመቀሌ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን ዳገቱን የወጣ ሁሉ ቁልቁለቱን መውረድ አለበት። የጀማሪ አደጋ ከዳገት ይልቅ በቁልቁለት ይበዛል። ከኩርባው በፊት ፍጥነትን መቀነስ፣ ሁለቱንም ፍሬን በቀስታ መያዝ፣ ዓይንን ከጉድጓዱ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ማድረግ፣ ጠጠር ሲታይም በድንገት መሪን አለመጠምዘዝ ያስፈልጋል። በሰው መካከል ሲሄዱም የፊት ጎማ ከሌላው የኋላ ጎማ ጋር ቢነካካ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ የኋለኛው ነው። የራስ ቁር ነገር ለክርክር የሚቀርብ አይደለም፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በባለሙያዎች ላይ ግዴታ ያደረገው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አባት ለልጁ አዲስ ልብስ ከመግዛቱ በፊት ቁሩንና የፍሬኑን ላስቲክ ይግዛለት።

የምግቡ ጉዳይ የእናቶች ነው። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ለጽኑ ሥራ የሚበቃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ያ ሲያልቅ ልጁ በድንገት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ይጨልማል፤ ሕፃን እንኳ ያልፈዋል። ስለዚህ ሳይርበው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ መብላት አለበት። ለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ጣፋጭ መፈለግ አያሻም፤ በዋግ ማር የተለወሰ የበሶ ጭብጦ በኪስ ለመያዝም ሆነ ለሆድ የሚስማማ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ የጾምም ነው። ከባዱ ጥያቄ ምን ይበላል የሚለው ሳይሆን መቼ ይበላል የሚለው ነው። ሽቅድምድም በማለዳ፣ ብዙ ጊዜም በእሑድ ይደረጋል፤ በጾም ቀን ደግሞ እስከ ተወሰነው ሰዓት ምግብ አይቀመስም። በባዶ ሆድና ያለ ውኃ ሦስት ሰዓት መጋለብ አደገኛ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባናል። እንግዲህ ልጁ ነገሩን ደብቆ ከሚያደርገው አስቀድሞ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድና ይጠይቅ፤ ስለ ቅዳሴውም እንዲሁ። የዓመቱ የሽቅድምድም ቀኖች አስቀድመው ስለሚታወቁ፣ ከጾምና ከቅዳሴ ጋር የማይጋጨውን ቀን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ይህን ምክክር የማያደርግ ቤት ኋላ በሽቅድምድሙ ዋዜማ ሌሊት ሲጨቃጨቅ ያድራል።

የሚቀረው ጥቃቅኑ ነገር ነው። በዋዜማው የጎማውን ነፋስ መሙላት፣ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ትርፍ ከመነዳሪና ትንሽ ፓምፕ መያዝ፣ በዚያ ቀን አዲስ ጫማም ሆነ አዲስ መቀመጫ አለመሞከር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰለፍ ሰው ከሽቅድምድሙ በፊት ባሉት ሳምንቶች ከሦስት ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተራ በተራ እየመሩ መሄድን ቢለማመድ ብቻውን አንድ ወር ዳገት ከመውጣት ይሻለዋል። በአምደወርቅ አራት ብስክሌት በአንድ ላይ ካልተገኘ ሁለትም ይበቃል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ በየኪሎ ሜትሩም ይለዋወጣሉ።

ከሽቅድምድሙ በኋላ ብስክሌቱ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሆኖ ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ ፔዳሎቹን ፈትቶ በጨርቅ መጠቅለል፣ የፊቱንም ጎማ አውጥቶ ከጎኑ ማሰር ይሻላል። ልጁም በመንገድ ላይ ሳለ በላብ የራሰውን ልብስ አውልቆ ጋቢ ይልበስ፤ የደጋ ብርድ ከድካም ጋር አይስማማም።